የጣት ቁልፍና የፊት ቁልፍ

እናቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ የሣጥናቸውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለው ይኖሩ እንደ ነበር የማያስታውስ የጎጃም ሰው አይገኝም። ያንን ቋጠሮ የሚፈታው ባለቤቱ ብቻ ነበር፤ የልጅ ልጅ እንኳ ወደዚያ እጁን ቢሰድ «ተው፣ ነውር ነው» ተብሎ ይገሠጽ ነበር። ዛሬ ግን በደብረ ማርቆስ ከተማ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ጭምር የመቀነቱን ሥራ የእጅ ስልክ እየወሰደው ነው። ልጅ ከዐረብ አገር ወይም ከአዲስ አበባ የሚልከው ገንዘብ፣ የእህሉ ሽያጭ፣ የዕቁቡ መዋጮ በስልክ ይመጣል፤ በስልክም ይሄዳል። ቴሌብር የሚባለው የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የባንክ ደብተር ይዘው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ገንዘባቸውን በስልካቸው ያኖራሉ። እንግዲህ ስልኩን የሚዘጋውና የሚከፍተው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ የወጣቶች ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ስልኩም እንደ ሣጥኑ ቁልፍ አለው። ቀድሞ ይህ ቁልፍ አራት ወይም ስድስት አኃዝ ያለው የምሥጢር ቍጥር፣ ወይም በነጥቦች መካከል በጣት የሚሣል መስመር ብቻ ነበር። አሁን በዚያ ላይ ሁለት አዳዲስ ቁልፎች ተጨምረዋል፤ አንዱ የጣት አሻራ ነው፤ ሁለተኛው ፊት ነው። ስልክ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሁሉ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ይጠይቃል፤ እኛንም ጎረቤቶቻችን ደጋግመው ጠይቀውናል። በባሕር ማዶ ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን የሚጽፉት ሰዎች እጅ አብዛኛውን ጊዜ የቢሮ እጅ ነው፤ የሚያስቡትም ቤት መብራት የማይጠፋበት ቤት ነው። የእኛ አገር እጅና የእኛ አገር ቤት ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ፣ የእነርሱን መልስ እንዳለ መቀበል አይቻልም።

አስቀድመን ስለ ጣት እንናገር። የጣት አሻራ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ውል ሲዋዋል ወይም በፍርድ ቤት ቃሉን ሲሰጥ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ በወረቀቱ ግርጌ ማሳረፉ የቈየ ልማድ ነው። በባሕር ማዶም ነገሩ ከውል ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው፤ በ1858 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በቤንጋል ይሠራ የነበረ ዊልያም ኸርሸል የሚባል እንግሊዛዊ ሹም፣ ከአንድ የአገሩ ተወላጅ ጋር የሥራ ውል ሲዋዋል የሰውዬውን መዳፍ በቀለም አስነክሮ በውሉ ወረቀት ላይ አሳተመው። በ1892 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍራንሲስ ጋልተን ስለ ጣት አሻራ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ፣ የጣት መስመር ሰውን ከሰው ለመለየት እንደሚያገለግል አስረዳ። መስመሩ ገና በማሕፀን ሳለን ይሣላል፤ በመልክ ፈጽሞ የሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ በጣት መስመር ይለያያሉ።

ስልኩ ቀለም አያሻውም። በብዙ ስልኮች ጎን ወይም ጀርባ የምትገኘው ትንሽ ማንበቢያ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ነጥቦች ተደርድረውባታል። የጣታችን ቆዳ እንደ ጎጃም ምድር ተረተርና ሸለቆ አለውና፣ ተረተሩ ሲነካት የነጥቦቹ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ሸለቆው ግን አይነካትም። ከዚህ ልዩነት ተነሥታ የጣቱን ካርታ ታወጣለች፤ በፊት ከተመዘገበው ጋር ታስተያይና ቢስማማ ትከፍታለች። በመስታወቱ ሥር የተቀበሩ ማንበቢያዎችም አሉ፤ እነዚህ አንዳንዶቹ በብርሃን፣ አንዳንዶቹም ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ያነባሉ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመስከረም 2006 ዓ.ም. አይፎን 5ኤስ በሚባለው ስልኩ ላይ ይህን ቁልፍ ካወጣ በኋላ ነገሩ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ፤ ዛሬ በደብረ ማርቆስ ገበያ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡት ስልኮች ብዙዎቹ አሻራ ያነባሉ።

ይሁን እንጂ ማንበቢያዋ የምታነበው ተረተሩ ካለ ነው። ዕርፍ ጨብጦ ያረጀ እጅ፣ ማጭድ ይዞ የገብስና የጤፍ አዝመራ ያጨደ እጅ፣ ድንጋይ ፈልጦ እርከን የካበ እጅ ተረተሩ ተፍቆ እንደ ተጠረበ እንጨት ለስልሶ ይገኛል፤ ወይም ተሰነጣጥቆ መስመሩ ይበጣጠሳል። የሴቶቻችን እጅ ደግሞ ይብሳል። ከንጋት ጀምሮ በጋለ ምጣድ ላይ አክንባሎ የሚያነሣ፣ በዐመድ ዕቃ የሚፈትግ፣ በኩሬ ውኃ ልብስ የሚያጥብ፣ ማታ ደግሞ እንዝርት የሚያሾር እጅ ነው። እንዝርቱ የሚሾረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሆኑን ያስተውሏል፤ ስልኩም የሚጠይቀው እነዚሁኑ ሁለት ጣቶች ነው። በስልክ መሸጫ ውስጥ አንዲት እናት ቆመው «እማማ፣ ጣትዎ እንቢ አለኝ» ሲባሉ ብዙ ጊዜ አይተናል። አንዳንዶቹ ያፍራሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን በሠሩበት እጅ ማፈር አይገባቸውም ነበር።

የአየሩም ጠባይ አለ። በሐምሌና በነሐሴ እጅ ሳይደርቅ ስለሚዋል በኤሌክትሪክ የምታነበው ማንበቢያ ውኃውን ከቆዳው መለየት ያቅታታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቆዳ ኤሌክትሪኩን በደንብ አይለውጥምና ያው ጣት፣ ያው ስልክ ሆኖ ሳለ በማለዳ እንቢ ያለው በቀትር እሺ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ስልኩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል፤ እጅን በልብስ አብሶ በትንፋሽ ማሞቅ ብቻ ይበቃው ነበር።

ወደ ፊት ቁልፍ እንለፍ። በስም አንድ ሲሆኑ በሥራ የተለያዩ ሁለት ነገሮች «የፊት መክፈቻ» ተብለው ይሸጣሉ፤ ገዢውን የሚያሳስተውም ይህ ነው። አንደኛው በኅዳር ወር 2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ በወጣው አይፎን 10 የተጀመረው ነው። ይህ ዐይን በማያየው ብርሃን ከ30,000 የሚበልጡ ጥቃቅን ነጥቦችን በፊታችን ላይ ይበትንና የአፍንጫችንን ከፍታ፣ የዐይናችንን ጉድጓድ ይለካል፤ በጨለማም ይሠራል፤ እንደ ተለመደው ከሆነ ዐይናችን ተከፍቶ ወደ ስልኩ መመልከታችንንም ያረጋግጣል። ኩባንያው እንደሚለው፣ እንግዳ ሰው ጣቱን ቢያሳርፍ በአጋጣሚ የሚከፈትለት ከ50,000 አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ፊቱን ቢያሳይ ግን ከ1,000,000 አንድ ጊዜ ነው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ፊት ይበልጣል» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን በቤታችን ያሉት ስልኮች አብዛኛዎቹ የሚያዩት በዚህ ዐይነት አይደለም። ከፊት ለፊት ባለችው ተራ ካሜራ ፎቶግራፍ አንሥተው ከቀድሞው ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት ነው ሥራቸው። ፎቶግራፍን ከፎቶግራፍ የሚያስተያይ ደግሞ ፎቶግራፍ ቢያሳዩት ሊከፍት ይችላል። የኔዘርላንድ የሸማቾች ማኅበር በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ 110 ስልኮችን በባለቤቱ ፎቶግራፍ ፈትኖ 42ቱ ተከፍተውለታል። በግድግዳችን ላይ የሠርጋችን፣ የክርስትናው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ የማይገኝበት ቤት የት አለ? አንድሮይድ በሚባለው ሥርዐት ለሚሠሩ ስልኮች የወጣው ደንብ ራሱ ማንበቢያዎቹን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ ዝቅተኛው ደረጃ ስልኩን ከመክፈት በቀር የባንክን መተግበሪያ እንዲከፍት አይፈቀድለትም። አንድ ስልክ ፊትዎን አይቶ እየተከፈተ ባንኩ ግን ጣት ወይም ቍጥር ካልሰጡኝ ካለ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ተራው ካሜራ ብርሃን ይፈልጋል። ማታ ኩራዝ ብቻ በሚበራበት ቤት ወይም ሳይነጋ ለኪዳን ሲወጡ አያይም። እናቶቻችን ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ሲከናነቡም አያውቃቸውም፤ በዚህ ጊዜስ ነጠላው ይገለጥ ወይስ ስልኩ ይቅር? እኛ ስልኩ ይቅር እንላለን፤ ምክንያቱም ቍጥር መጻፍ ይቻላልና። አፕልም ቢሆን አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ እንዲከፍት ያደረገው ዓለም ሁሉ በወረርሽኙ ምክንያት ጭንብል ካጠለቀ በኋላ፣ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ለአዳዲሶቹ ስልኮች ብቻ።

ከዚህ ጋር የቆዳ ቀለም ጉዳይ ይነሣል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ፊትን አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚፈርዱ የሦስት ኩባንያዎችን ሥራ መርምረው ነበር። ነጣ ባለ ቆዳ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ 0.8 ያልበለጠ ሲሆን፣ ጠቈር ባለ ቆዳ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ደርሶ ተገኘ። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት 189 የፊት ማስተያያ ዘዴዎችን ፈትኖ፣ በብዙዎቹ ላይ አንዱን ሰው በሌላው የመሳሳቱ ነገር በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ፊት ከነጮቹ እጅግ እንደሚበዛ ገለጠ። እነዚህ ምርመራዎች በስልክ መክፈቻ ላይ የተደረጉ አይደሉም፤ እንዲያው በአንድ ጊዜ ስልኮቻችን ሁሉ እንዲህ ናቸው ማለትም አይገባም። ከዚያም ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም መኪናው የተፈተነበት መንገድ የእኛ መንገድ አለመሆኑን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል።

ጣትም ቢሆን አይታለልም ማለት አይደለም። አይፎን 5ኤስ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው የጀርመን ማኅበር ሰዎች በመስታወት ላይ የቀረ አሻራ ፎቶግራፍ አንሥተው ሰው ሠራሽ ቆዳ አበጁና ስልኩን ከፈቱት። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳምሰንግ ኤስ10 በሚባለው ስልክ ላይ አንዳንድ የመስታወት መሸፈኛ ሲለጠፍ ያልተመዘገበ ጣት ሁሉ ይከፍተው እንደ ነበር ታውቆ ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ። እንዲህ ያለውን ማታለል መጽሐፍ ያነበበ ቤተ ሰብ ከዚህ በፊት ያውቀዋል፤ ዐይኑ የፈዘዘው አባታችን ይስሐቅ በድምፁ ተጠራጥሮ ሳለ እጁን ዳስሶ በፍየል ጠጕር የተታለለው የዳሰሰው ቆዳ የልጁ ቆዳ ስለ መሰለው ነው። ያታለለውም እንግዳ ሌባ አልነበረም፤ ያው የገዛ ልጁ ነበር።

በእውነትም ቤተ ሰብን የሚመለከተው ፈተና ከጀርመን ሊቃውንት የሚመጣ ሳይሆን ከጓዳ የሚመጣ ነው። በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአርካንሳስ ግዛት አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን እናቷ በተኛችበት አውራ ጣቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ከፈተችና 250 ዶላር የሚያወጡ 13 መጫወቻዎችን አዘዘች። በተከታዩ ዓመት፣ አይፎን 10 በወጣ ሰሞን ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ የአንድ የ10 ዓመት ልጅ ፊት የእናቱን ስልክ ከፈተው፤ እናቱን ስለሚመስል ነው። ኩባንያውም ራሱ በመንትዮች፣ በሚመሳሰሉ ወንድማማቾችና ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ የመሳሳቱ ዕድል እንደሚበዛ ይናገራል። ስለዚህ በመንትዮች ቤት ጣት ከፊት ይሻላል፤ እንቅልፉ ከባድ በሆነ ሰው ቤት ግን ዐይን ተከፍቶ እንዲያይ የሚጠይቀው ፊት ከጣት ይሻላል። ሰው ሲተኛ ጣቱ አይተኛምና።

አሁን የቀረውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። ጣትም ሆነ ፊት ብቻውን የቆመ ቁልፍ አይደለም፤ ከሥሩ ሁልጊዜ የምሥጢር ቍጥሩ አለ። ስልኩ ጠፍቶ እንደ ገና ሲበራ ጣትንም ፊትንም አይቀበልም፤ ቍጥሩን ይጠይቃል። አይፎን 48 ሰዓት ሳይከፈት ከቈየ፣ በአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ እንደ ተለመደው 72 ሰዓት ያህል ቍጥሩ ሳይጻፍበት ከቈየም እንዲሁ ያደርጋል። ጣቱ ደጋግሞ እንቢ ካለም ወደ ቍጥሩ ይመለሳል። ቍጥሩን የያዘ ሰው ሌላ ጣት ይጨምራል፤ የነበረውን ጣት ይሰርዛል። እንግዲህ የስልኩ ጌታ ቍጥሩን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ጣቱና ፊቱ የእርሱ ሎሌዎች ናቸው።

ይህን ያስተማረን የአንዲት አክስታችን ነገር ነው። አክስታችን በጎዛምን ወረዳ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለቀ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ስልክ ገዝታ በላከችላቸው ጊዜ የሠፈሩ ስልክ ዐዋቂ አውራ ጣታቸውን አስነካ፤ እንቢ አለ። ሌባ ጣታቸውንም አስነካ፤ ያም እንቢ አለ። ሁለቱም እንዝርት የበላቸው ጣቶች ናቸው። ፊታቸውንም ቢሞክር ቤቱ ጨለማ፣ እርሳቸውም የተከናነቡ ስለ ሆኑ አንድ ጊዜ እሺ ቢል ሦስት ጊዜ እንቢ ይል ጀመር። በዚህ ጊዜ አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው «እናቴ ሆይ፣ አንቱ አይልፉ፤ የኔን ጣት ላግባው» አለ። ገባ። ቍጥሩንም እርሱ አወጣ፤ የገንዘቡን የምሥጢር ቍጥር ጭምር። ልጁ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ብር አልነካባቸውም። ገንዘብ ሲመጣ ይከፍትላቸዋል፣ ያነብላቸዋል፣ ይከፍልላቸዋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በሦስተኛው ዓመት የባለቤታቸው የሙት ዓመት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጃቸው ለዝክሩ የሚሆነውን ገንዘብ ላከች። በዚያው ሰሞን የልጅ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ስልኩ ባትሪው አልቆ ጠፋ፤ ጎረቤት ወስደው ቻርጅ አድርገው ሲያበሩት ቍጥር ጠየቀ። ቍጥሩን የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ ልጁም ያለበት እርሻ ኔትወርክ የማይደርስበት ስለ ሆነ ሊገኝ አልቻለም። ጎረቤቶች የመሰላቸውን ሁሉ እየጻፉ ሲሞክሩ ስልኩ ጭራሹን ተቈለፈ። ሰው ሲጠይቃቸው «ገንዘቤስ በእጄ ነው፤ ቁልፉ ነው መተማ ያለው» ይሉ ነበር። ጤፉና ጌሾው በብድር ተገዛ፤ ዝክሩም በብድር ተዘከረ። ልጁ የተገኘው ዝክሩ ካለፈ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ ቍጥሩንም በሰው ስልክ ነግሯቸው ተከፈተ። ስድስት አኃዝ ነበር፤ የሚወደው የእግር ኳስ ተጫዋች የተወለደበት ቀን ነው አለ።

ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን አንዲት ባለቤት በገዛ ገንዘባቸው ላይ እንግዳ ሆነው ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ የታወቃቸውም በሩ ሲዘጋ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በስንቱ ቤት እንዳለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አንባቢ በየቤቱ የአያቱን ስልክ አንሥቶ «ይህን የሚከፍተው የማን ጣት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ስልኩ የጣቱን ባለቤት በስም አያውቅም። የባንክ መተግበሪያ «ጣት ያሳርፉ» ባለ ጊዜ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለስልኩ ነው፤ ስልኩም የሚመልሰው «ከተመዘገቡት አንዱ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ብቻ ነው። የአያቲቱ ይሁን የልጅ ልጁ፣ የሚስት ይሁን የባል ባንኩ አይለይም፤ ለባንኩ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። አንዳንድ መተግበሪያዎች አዲስ ጣት ሲጨመር ተጠራጥረው ቍጥር እንደ ገና ይጠይቃሉ፤ አስቀድሞ የተመዘገበውን ጣት ግን የሚጠራጠሩበት ምክንያት የላቸውም። ስልኮች እስከ አምስት የሚደርሱ ጣቶችን ስለሚቀበሉ፣ በመዋደድ ብቻ የቤተ ሰቡ ጣት ሁሉ የተመዘገበበት ስልክ አይተናል። አፕል እንደሚለውም አምስት ጣት ሲመዘገብ የእንግዳ ሰው ጣት በአጋጣሚ የመክፈት ዕድሉ ከ50,000 አንድ መሆኑ ቀርቶ ከ10,000 አንድ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ስለ ፋይዳ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላልና። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገቡ የአሥሩም ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱም ዐይኖች ብሌንና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል፤ 12 አኃዝ ያለው ቍጥርም ይሰጣል። ይህ በአገር መዝገብ የሚቀመጥ ነው፤ ስለዚህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ታውጇል። ስልኩ የሚወስደው አሻራ ግን ወደዚያ አይሄድም፤ በስልኩ ውስጥ በተለየ የተዘጋ ክፍል ውስጥ በካርታ መልክ ይቀመጣል። «ስልኩ ጣቴን ለመንግሥት ይልክብኛል» እያሉ የሚፈሩ እናቶች አሉ፤ ይህ ፍርሃት ቦታው አይደለም። ፋይዳ ጣትን፣ ዐይንንና ፊትን አንድ ላይ መያዙ ግን ለእኛ አገር ሰው የተስማማ ነው እንላለን፤ ጣቱ በእርሻ ያለቀበት ዐይኑ አለለትና። ስልኩ ይህን ሁሉ ስለማይጠይቅ አንዱ እንቢ ሲል በሌላው የሚታወቅበትን መንገድ ባለቤቱ ራሱ ማዘጋጀት አለበት።

ጎረቤቶቻችን ሲጠይቁን የምንመልሰው እንግዲህ እንዲህ ነው። ስልኩ ገንዘብ የሚያዝ ከሆነና ፊቱን የሚያየው በተራ ካሜራ ከሆነ፣ የፊቱን ቁልፍ ይተዉት። ጣት ይመዝግቡ፤ ነገር ግን የሚሠራውን ጣት አይደለም፤ ሥራ የማይበዛበትን ነው። የግራ እጅ የቀለበት ጣት ወይም ትንሿ ጣት በእርሻም በምጣድም በእንዝርትም ብዙ ስለማትደክም ተረተሯ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው። ያችኑ አንዲት ጣት ሁለት ጊዜ መመዝገብም ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ደርቃ፣ አንድ ጊዜ እጅ ከታጠቡ በኋላ። ባልና ሚስት አንዱ በሌላው ስልክ ላይ ጣቱን ቢያኖር እኛ አንቃወምም፤ የቤት ስምምነት ነው። የልጅ ጣት ግን በአባትና በእናት ስልክ ላይ ምን ሥራ አለው? ቍጥሩን በተመለከተ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ያውጣው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አኃዙን በመልክ ለይቶ፣ በቍልፎቹ ሰሌዳ ላይ ያለበትን ቦታ በእጁ አስለምዶ መያዝ ይችላል። ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሽማግሌ ስድስት አኃዝ ያቅተዋል ብሎ የሚገምት ወጣት ሽማግሌን አያውቅም። ወጣቱ ማገዝ ከፈለገ ቁጭ ብሎ ያስለምድ፤ ሲጻፍ ግን ፊቱን ያዙር። ለሞትና ለድንገት የሚፈራ ሰው ቍጥሩን ጽፎ በታሸገ ወረቀት ለሚያምነው አንድ ሰው፣ ለምሳሌ ለነፍስ አባቱ ወይም ለታላቅ ልጁ፣ አደራ ሊሰጥ ይችላል።

አክስታችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የልጅ ልጃቸው ከመተማ በተመለሰ ጊዜ የእርሱ ጣት ተሰረዘ፤ መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር፣ «አንቱ አላመኑኝም» ብሎ። እርሳቸውም «አንተንማ አምናለሁ፤ መንገዱን ነው የማላምነው» ብለው መለሱለት። ትንሿን የግራ ጣታቸውን ሁለት ጊዜ አስመዘገቡ፤ ቍጥሩን ለመልመድ አንድ ሳምንት ያህል ከቡና በኋላ እየተቀመጡ ደጋገሙት፤ የገንዘቡንም ቍጥር ለወጡ። ጣቲቱ በበጋ ትሠራለች። በክረምት እንቢ ባለች ጊዜ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሱና ቍጥሩን ይጽፋሉ።